ዘረመልን መለወጥ፦ በእንሰት ጓሮና በሰው ልጅ ላይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅድሚያ ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ልውጠ ሕያው ስለሚባሉት፣ ዘረመላቸው (ጂናቸው) በሰው እጅ ስለ ተለወጠ ዘሮች በመገናኛ ብዙኃንም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩ የሚካሄደው ክርክር ነው። ክርክሩ ከተጀመረ አንሥቶ ሰው በሁለት ጎራ ተከፍሏል፤ አንደኛው ወገን የዘረመል ምህንድስናን ምድሪቱን የሚያመክን መርዝ አድርጎ ሲያቀርበው፣ ሌላው ወገን ረኃብን የሚያጠፋ መድኃኒት ነው ይለናል። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ባዮሎጂ ያስተማርኩ፣ አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ መምህር ነኝ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በጉራጌ ምድር በእንሰት ጓሮ ውስጥ ያደግሁ የገበሬ ልጅ ነኝ። ክርክሩን ስከታተል፣ የአንድ ዘር ዘረመል ለምን እንደ ተለወጠ፣ የተለወጠው ዘር የማን ንብረት እንደሚሆንና ከተለቀቀ በኋላ ማን እንደሚከታተለው በጽናት የሚጠይቅ ሰው ማጣቴ ያሳስበኛል። ለእኔ ፍርዱ ያለው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ውስጥ ነው፤ መልሱም ከሰብል ሰብል፣ ከሕመም ሕመም ይለያያል።

ከማውቀው ከእንሰት ልጀምር። ልጅ ሳለሁ በጓሯችን የእንሰት አጠውልግ በሽታ ገብቶ ነበር። መጀመሪያ የመሐለኛው ቅጠል ይዝላል፤ ቀጥሎ ቢጫ ይሆንና ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ከውስጡ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። እናቴ አምስትና ስድስት ዓመት የጠበቀችውን፣ ለቆጮ ሊደርስ ጥቂት የቀረውን ተክል አንድ በአንድ እየነቀለች ከጓሮ ስታርቅ የነበረበትን ክረምት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጤፍ ወይም ገብስ የሚዘራ ገበሬ አንድ መኸር ቢበላሽበት በሚቀጥለው ዓመት ዘር ፈልጎ ይዘራል። እንሰቱ የሞተበት ቤተሰብ ግን የሚያጣው የዓመታት ጥሪቱን ነው። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ኑሮው በእንሰት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ይህ የአንድ ቤት ኀዘን ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተገለጸው እዚሁ በእኛው አገር፣ በእንሰት ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በኡጋንዳ የሙዝ ማሳዎች ውስጥ ተገኝቶ በምሥራቅ አፍሪካ በብዙ ቦታ ተሠራጨ። ባክቴሪያው ከተክል ወደ ተክል ከሚሸጋገርባቸው መንገዶች ዋነኛው የገበሬው ቢላዋ ነው። ስለዚህ የግብርና ባለሙያዎች ቢላዋውን በእሳት ማለፍን፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበርንና ጤናማ ችግኝ መትከልን ይመክራሉ፤ ምክሩ ትክክል ነው፣ ይሠራልም። ነገር ግን የሚሠራው ሁሉም ጎረቤት አብሮ ሲያደርገው ብቻ ነው። እንደ ማዚያ ያሉ በሽታውን በተሻለ ሁኔታ የሚቋቋሙ የገበሬ ዝርያዎች ቢኖሩም ሙሉ በሙሉ የማይበገር እንሰት እስካሁን አልተገኘም።

አንባቢ «ታዲያ ለምን እንደ ጤፉ አይዳቀልም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ሁለት ዝርያዎችን በማዳቀል ተገኝቶ በ1998 ዓ.ም. ለገበሬው ሲደርስ ከውጭ የገባ ዘረመል አልነበረበትም፤ በምርታማነቱም ብዙ ገበሬ ተጠቅሞበታል። እንሰት ግን ለማበብ ብዙ ዓመታት የሚፈጅ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሳያብብ የሚቆረጥ ተክል ነው። ገበሬው የሚያባዛው ከዘር ሳይሆን የአምቾውን (ከመሬት በታች ያለውን ግንድ) እምብርት አውጥቶ በመቅበርና የሚበቅሉትን ቡቃያዎች በመለየት ነው። በዚህ ተፈጥሮው ምክንያት በማዳቀል በሽታ የሚቋቋም እንሰት ማውጣት የአንድን ተመራማሪ የሥራ ዘመን ሊፈጅ ይችላል። ሳይንቲስቶች ከማያቃጥለው የቃሪያ ዓይነት ሁለት ዘረመሎችን ወስደው ወደ እንሰት ዘመድ ወደ ሙዝ ያስገቡት ሙዝም እንዲሁ ለማዳቀል አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። እነዚህ ዘረመሎች ባክቴሪያው የገባበት አካባቢ ያሉት የተክሉ ሕዋሳት ቶሎ እንዲሞቱና በሽታውን እዚያው አጥረው እንዲያስቀሩት ያደርጋሉ። በኡጋንዳ በተደረገው የመስክ ሙከራ ከተለወጡት የሙዝ መስመሮች ጥቂት የማይባሉት በሽታውን ተቋቁመው ተገኝተዋል። በእንሰትም ላይ ተመሳሳይ ምርምር ተጀምሯል።

እኔ ይህን ምርምር እደግፋለሁ፤ የምደግፈውም ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ጠባብ ሆኖ ስለተገኘ ነው። ቃሪያን በየቀኑ የምንበላው በመሆኑ የተለወጠው እንሰት ይመርዘናል የሚለው ስጋት ብዙም አያሳምነኝም፤ ቢሆንም የምግብ ደኅንነት ምርመራው ሊዘለል አይገባም። ከዚያ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላ ነገር ነው። በእናቴ ጓሮ ውስጥ አንዱ ለቡላ፣ ሌላው ለቃጫ፣ ሌላው አምቾው ተቀቅሎ ለመበላት፣ ሌላውም ስብራት ለመጠገን የሚፈለግ ብዙ ዓይነት እንሰት ነበር። በሽታ የሚቋቋም አንድ ዓይነት እንሰት በመንግሥት ዘመቻ በየጓሮው ቢታደልና ገበሬው የቀሩትን ቢተዋቸው፣ ከአጠውልግ ያዳንናቸውን ጓሮዎች ለሚመጣው በሽታ አንድ ወጥ አድርገን አዘጋጅተን ጠበቅናቸው ማለት ነው። ስለዚህ መከላከያው በአንድ ዝርያ ብቻ ሳይሆን ገበሬው በሚወዳቸው በብዙዎቹ ዝርያዎች ውስጥ እንዲገባ፣ ያልተለወጡትም በየአካባቢው ተጠብቀው እንዲቆዩ ከአሁኑ መታቀድ አለበት። ሌላው ጉዳይ የባለቤትነት ነው። የእንሰት ችግኝ በአገራችን ለጎረቤት ይሰጣል፣ ለአዲስ ሙሽራ ቤት ማቆሚያ ይሆናል፣ ለዘመድ ይላካል። ይህን ልማድ የሚከለክል ማናቸውም ውል ወይም የፈጠራ መብት ሳይንሱ ምንም ያህል ቢያምር የእንሰትን ባህል ከሥሩ ይነቅለዋል።

በጥጥ ላይ ያለኝ አስተያየት የተለየ ነው። በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ጓይ ትልን የሚቋቋሙ ሁለት የሕንድ ዲቃላ የጥጥ ዝርያዎች በአገራችን እንዲመረቱ ፈቅዷል። ዝርያዎቹ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባሲለስ ቱሪንጅየንሲስ ከተባለ ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ስላላቸው ትሉ ቅጠሉን ወይም ፍሬውን ሲበላ ይሞታል። ዘረመሉ የሚያሠራው ፕሮቲን በትሉ አንጀት ውስጥ የሚሠራ እንጂ ሰውን የሚጎዳ አይደለም፤ የመድኃኒት ርጭት መቀነሱም ለገበሬው ጤና ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ትል በመርዝ ውስጥ ትውልድ እያሳለፈ መላመዱ የማይቀር የተፈጥሮ ሕግ ነው። ሕንድ ይህን ጥጥ እ.ኤ.አ. በ2002 ከፈቀደች በኋላ ሮዝ ቀለም ያለው የጥጥ ትል ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ተላምዶታል፤ መላመዱን ለማዘግየት ገበሬው ከማሳው ጥግ ያልተለወጠ ጥጥ እንዲዘራ ይመከር የነበረ ቢሆንም ምክሩን የተከተለው ጥቂት ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም የበቆሎ አገዳ ቆርቋሪ ለተመሳሳይ መከላከያ እንደማይበገር እ.ኤ.አ. በ2007 ታውቋል። ቡርኪና ፋሶ ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያመረተችው ልውጥ ጥጥ የርጭቱን ቁጥር ቢቀንስላትም የቃጫው ርዝመት በማጠሩ በዓለም ገበያ የነበራትን ዋጋ አጥታ እ.ኤ.አ. በ2016 ለመተው ተገዳለች። ዘረመሉ የታሰበለትን ሥራ ሠርቷል፤ ገበያው ላይ የወደቀው ግን ሌላ ባሕርይ ነበር። እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚያየው በየዓመቱ ማሳ ወርዶ የሚለካ፣ ውጤቱንም ለሕዝብ የሚያሳውቅ የራሳችን ተቋም ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ከብዙዎች ቀድማ የተናገረች አገር መሆኗን ወጣት አንባቢዎች ቢያውቁት እወዳለሁ። ልውጠ ሕያዋን ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወሩበትን ሥርዓት የሚደነግገው የካርታሄና ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በጥር 2000 በሞንትሪያል ሲጸድቅ የአፍሪካን አገሮች ቡድን በድርድሩ የመሩት ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። የ2001 ዓ.ም. የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 በዚያ የጥንቃቄ መንፈስ የተጻፈ ጥብቅ ሕግ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሽሎ ለምርምር በሩ ሰፋ ተደረገ። ብዙ ሰው ማሻሻያውን ለባዕድ ኩባንያ እንደ መሸነፍ ቆጥሮት ነበር። እኔ ግን ለምርምር የሚዘጋ ሕግ የራሳችንን ልጆች ከላቦራቶሪ አስወጥቶ ፍርዱን ለሌሎች የሚተው ስለሆነ ማሻሻያው ያስፈልግ ነበር ባይ ነኝ። የሚያሳዝነኝ ፈቃድ ሲሰጥ የአደጋ ግምገማው ፍሬ ነገር አንድ የወረዳ ገበሬ ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ሲዘረጋለት አለማየቴ ነው።

የባለቤትነት ጉዳይ ሲነሣ ነገሩን እንደ ማጋነን የሚቆጥሩ ወዳጆች አሉኝ። ለእነርሱ የጤፍን ታሪክ አስታውሳቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአገራችን ተቋማት ጋር የተዋዋለ አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ከጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ጋር የተያያዘ የአውሮፓ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር፤ መብቱ በዚያች አገር ዋጋ ያጣው የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ «ፈጠራ የለበትም» የሚል ውሳኔ ሲሰጥ ነው። እናቶቻችን ለብዙ ዘመናት ሲያቦኩት የኖሩትን ዱቄት የፈረንጅ ፈጠራ አለመሆኑን ለማስመስከር ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጀ። የገብስም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ተሰብስበው ወደ ጀርመን በሄዱ የገብስ ዝርያዎች ውስጥ ሥራውን በማቆሙ ተክሉን ከዱቄት መሳይ ሻጋታ የሚጠብቅ ዘረመል ተገኝቶ በአውሮፓ የገብስ ማሳዎች ውስጥ በሰፊው ሲያገለግል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በቻይና የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይኸው ዘረመል በስንዴ ውስጥ ሥራውን እንዲያቆም በማድረግ ሻጋታ የማይደፍረው ስንዴ አሳዩ። ቀድሞ የአገራችንን ዘር ለመውሰድ ቢያንስ አንድ ከረጢት መሸከም ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ግን የዘረመሉ ቅደም ተከተል በኮምፒውተር ከተነበበ ከረጢቱም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የጂን ባንካችን የሚጠብቀው ሀብት በፊደል መልክ ከአገር ሊወጣ ይችላል ማለት ነው፤ ድርድሩም ከዚህ እውነታ መነሣት አለበት።

አሁን ወደ ሰው ልጅ ልለፍ። የዘረመል ምህንድስናን በጅምላ ለሚያወግዙ ወገኖቼ ከቤቴ አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ። ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ለብዙ ዓመታት በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። ይህ ኢንሱሊን የሰው ዘረመል ገብቶላቸው በጋን የሚራቡ ረቂቅ ሕዋሳት የሚሠሩት ነው፤ ለሕክምና የተፈቀደውም እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ከዚያ በፊት ኢንሱሊን የሚወጣው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበርና፣ በእምነታቸው የአሳማ ነገር ለማይነኩ ሕመምተኞች ይህ ለውጥ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም። በዘረመል ምህንድስና የተሠራ ነገር ለሕክምና ከተፈቀደ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ በየፋርማሲያችን መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ ብዙዎቻችንም በሕይወት ያለነው በእርሱ ነው።

ዘረመልን በራሱ በሕመምተኛው አካል ውስጥ ማረም የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ጄኒፈር ዱድናና ኢማኑኤል ሻርፐንቲዬ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ክሪስፐር የተባለው፣ ባክቴሪያዎች ራሳቸውን ከቫይረስ የሚከላከሉበት ዘዴ ዲኤንኤን በተፈለገው ቦታ ላይ ለመቁረጥ እንደሚያገለግል አሳዩ፤ በ2020 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በዚህ መሣሪያ የተሠራው የመጀመሪያው ሕክምና ካስጌቪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በብሪታንያና በአሜሪካ ሲክል ሴል ለተባለው የደም ሕመም ተፈቅዷል። ከሕመምተኛው ደምን የሚያመነጩ ግንደ ሕዋሳት ይወሰዳሉ፤ በፅንስነት ጊዜ ይሠራ የነበረው ጤናማ ሄሞግሎቢን እንደገና እንዲመረት ይታረማሉ፤ መቅኔው በጠንካራ መድኃኒት ከተጸዳ በኋላ ወደ አካሉ ይመለሳሉ። ለዓመታት በሕመም ሲሰቃዩ የኖሩ ሰዎች ከሕመማቸው አርፈዋል። ዋጋው ግን በአሜሪካ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ከዚህ ሕመም ጋር ከሚወለዱት ሕፃናት አብዛኞቹ ደግሞ የሚወለዱት ከሰሐራ በታች ባለችው አፍሪካ ነው። ሕክምናው የማዳን ኃይሉን አስመስክሯል፤ የቀረው ለአብዛኛው ሕመምተኛ የሚደርስበት መንገድ ነው፤ ይህም ከሳይንስ ይልቅ የገንዘብና የፍትሕ ጥያቄ ነው።

በሕክምናው ታሪክ ውስጥ የሞቱ ሰዎችም መኖራቸው ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ በዘረመል ሕክምና ሙከራ ላይ የነበረ የ18 ዓመት ወጣት ሕይወቱ አልፏል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በፈረንሳይ የተወለዱበት የበሽታ መከላከል ጉድለት የታከመላቸው ሕፃናት የተወሰኑት የደም ካንሰር ይዟቸዋል። ዛሬ ያለው ጥንቃቄ የተገኘው በእነርሱ ዋጋ ነው። ያም ሆኖ አንድ ሕመምተኛ ወይም ወላጁ አደጋውን አውቆ፣ ፈቅዶ፣ በራሱ አካል ላይ የሚቀበለው ሕክምና ጉዳቱ በእርሱ ላይ ይቆማል። ሽልን መለወጥ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ሄ ጂያንኩዊ የተባለው ቻይናዊ ተመራማሪ ሽል ሳሉ ዘረመላቸው የተለወጠ መንትያ ሴት ልጆች መወለዳቸውን ሲያስታውቅ ዓለም የደነገጠው በምክንያት ነበር። ዓላማው ልጆቹ ኤችአይቪን እንዲቋቋሙ ነበር ቢልም፣ ቫይረሱ ከአባት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚያስችል ሌላ የታወቀ መንገድ ነበር። ለውጡም ራሱ እንደ ታሰበው አልሆነም። ልጆቹ አልተጠየቁም፤ የልጆቻቸው ልጆችም ሊጠየቁ አይችሉም። ቻይና በሚቀጥለው ዓመት የሦስት ዓመት እስራት ፈረደችበት። በአዲስ አበባም ለመካኖች ፅንስን ከማኅፀን ውጭ የማዳበር ሕክምና እየተሰጠ ስለሆነ፣ ለማኅፀን የሚታሰብ ሽል ዘረመሉ እንዳይነካ የሚከለክል ግልጽ የሕግ አንቀጽ እንዲኖር ሐኪሞቻችንም የሕግ ባለሙያዎቻችንም አብረው ቢጠይቁ እወዳለሁ።

በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነውና። በቋንቋችን «ዘር» ማለት ማሳ ላይ የሚበተነውም ነው፣ ሰው የተወለደበት ወገንም ነው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ በዚህ ቆጠራ ውስጥ የቅርብ ዘመድ እንዳይጋባ የሚጠብቅ ጥበብ አለበት። ነገር ግን በዚያው ቆጠራ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን «ዘሩ ሌላ ነው» ብለን ከማዕዳችን አርቀናል፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ቤት ሴት ልጅ ከማግባት ተከልክለናል፤ በባክቴሪያ የሚመጣውን ሥጋ ደዌ እንኳ «የዘር ነው» ብለን ቤተሰብን በሙሉ አግልለናል። ከተማሪዎቼ አንዷ፣ ወንድሟ በሚጥል በሽታ ስለሚታመም ብቻ የታጨችለት ቤት ሐሳቡን እንደ ቀየረ በእንባ ነግራኛለች። እንዲህ ያለ ልማድ ባለበት አገር የማንም ሰው የዘረመል መረጃ ያለ ጠንካራ ሕግ በአሠሪ፣ በመድን ድርጅት ወይም በሽማግሌ እጅ ቢገባ የሚያስከትለውን ለመገመት አያዳግትም።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ምራቃቸውን በትንሽ ብልቃጥ እየላኩ «ከየት እንደ መጣን እናውቃለን» ሲሉ እሰማለሁ። ፍላጎታቸውን አልነቅፍም። ነገር ግን ይህን አገልግሎት ከሚሰጡት ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ እ.ኤ.አ. በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተሰርቆበታል፤ ሰርቀው ለሽያጭ ያቀረቡትም ሰዎችን በአይሁዳዊና በቻይናዊ ትውልዳቸው ለይተው ነበር። ኩባንያው በመጋቢት 2025 የኪሳራ ከለላ ሲጠይቅም የደንበኞቹ የዘረመል መረጃ ከሚሸጠው ንብረቱ ጋር አብሮ ተቆጠረ። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ዘረመል አይቀየርም። አንድ ሰው የላከው ምራቅ ደግሞ አገር ቤት ያሉትን፣ ፈቃዳቸው ያልተጠየቀውን ወንድምና እኅቱንም ያጋልጣል። መዋቅራችንና ጠባችን ሳይቀር በዘር በሚለካበት በአሁኑ ጊዜ ይህን አቅልሎ ማየት አይገባም።

ክቡር አዘጋጅ፤ የጋዜጣችሁ ዘጋቢዎች ይህን ጉዳይ ሲከታተሉ አንድ ትብብር እንዲያደርጉልኝ እጠይቃለሁ። በሽታ የሚቋቋመው እንሰት ምርምሩ ተሳክቶ የመጀመሪያው ችግኝ ከታጠረው የሙከራ ማሳ ከመውጣቱ በፊት የምርምር ተቋሙንና የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቃችሁ፣ ችግኙን የተቀበለ ገበሬ ለጎረቤቱ መስጠት ይፈቀድለት እንደሆነ፣ በውሉ ላይ የማን ስም እንዳለና ያልተለወጡት የገበሬ ዝርያዎች የት እንደሚጠበቁ መልሳቸውን በጋዜጣችሁ ላይ አትሙልን። በእናቴ ጓሮ ዛሬ የወንድሜ ልጆች እንሰት ተክለዋል፤ መልሱን የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር፣ ከወልቂጤ